ልጅ የአባቱ ሁለተኛ ዕድሜ ነውን?

ሰው ሞትን ስለሚፈራ ልጁን እንደ ሁለተኛ ዕድሜው አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ አሳብ ትክክል ነውን? ጥያቄውን ያነሣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የልጅ ልጄ ጨዋታ ነው።

ባለፈው ክረምት የዐሥራ ሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ መጥቶ ከእኔ ዘንድ ሰነበተ። ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣው ቀኑን በኮምፒውተር ሲጫወት ይውል ነበር። ጨዋታው «ክሩሴደር ኪንግስ» የሚባለው ነው፤ ፓራዶክስ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ሦስተኛውን ክፍል በ2012 ዓ.ም. አውጥቶታል። ተጫዋቹ መስፍን ወይም ንጉሥ ይሆናል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይዋጋል። ጊዜው እንደ ጐርፍ ስለሚሮጥ የአንድ ሰው ዕድሜ በጥቂት ሰዓት ያልቃል። የኢትዮጵያም ምድር በካርታው ላይ አለች።

አንድ ቀን ቡና ይዤለት ብገባ፣ «አባባ፣ ሞትኩ እኮ!» አለኝ እየሳቀ።

«ታዲያ ጨዋታው አለቀ?» አልሁት።

«የለም፤ አሁን ልጄን ሆኛለሁ።»

ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለዚሁ ቀን እንዳዘጋጀው፣ ሞግዚቱን እንደ መረጠለት፣ ብልህ ልጅ ትወልዳለች ብሎ ሚስት እንዳጨለት ነገረኝ። ግዛቱ እንዳይከፋፈልም ታናሽ ወንድሙን በስውር አስገድሎታል።

ስለ ግድያው አልተቈጣሁትም። በአምባ ግሸን፣ በኋላም በጎንደር ነገሥታት ዘመን በወህኒ አምባ፣ የንጉሥ ወንድሞችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ ታስረው እንደ ኖሩ ለተማሪዎቼ ያስተማርሁ እኔው ነኝ። ጨዋታው ስለ ሥልጣን የሚናገረው ሐሰት አይደለም። ያስጨነቀኝ፣ «ልጄን ሆኛለሁ» የሚለው ቃል ነው። በጨዋታው ውስጥ አባት ሲሞት ሥጋው ይለወጣል እንጂ አዛዡ እጅ ያው ነው። ልጁም ቦታውን የወረሰው ራሱን ሆኖ ሳይሆን ለአባቱ ፈቃድ ልብስ ሆኖ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጨዋታ እኔም ያለ ኮምፒውተር ተጫውቼዋለሁ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጥቼ በጉደር፣ በጌዶና በአምቦ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር፣ የበኵር ልጄም መምህር እንዲሆን ቈርጬ ነበር። እርሱ ግን ሞተር ፈትቶ መግጠም ይወድ ነበር። በዘይት የጠቈሩትን እጆቹን እያየሁ በሰው ፊት አሳፈርሁት፤ ወደ መምህራን ማሠልጠኛም በግድ ላክሁት። በሁለተኛው ዓመት ጥሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ደጄን አልረገጠም፤ የመጣውም በእናቱ ለቅሶ ቀን ነው። እኔ ትዕቢተኛ ነው እያልሁ ለጎረቤት አወራ ነበር። የዚህ የልጅ ልጄ አባት እርሱ ነው።

«ታዲያ አባት ልጁን አይምራውን?» የሚለኝ ይኖራል። ይምራው እንጂ! ነገር ግን መምራት ሌላ፣ በልጅ ሥጋ እንደገና መኖር ሌላ ነው። የሚመራ አባት ልጁ ወዴት ሊሄድ እንደሚወድ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

በዚህ በሜጫ ምድር የነበሩ አባቶች፣ ጉባኤያቸው በኦዳ ቢሲል ጥላ ሥር በነበረ ጊዜ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ አስተውለዋል። በገዳ ሥርዓት አንድ ወገን የሚያስተዳድረው ስምንት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ለተረኛው ያስረክባል። ወገኖቹ አምስት ስለ ሆኑ የልጅ ተራ ከአባቱ ተራ አርባ ዓመት በኋላ ይመጣል። እንግዲህ አባት ሥልጣኑን ከእጁ ወደ ልጁ እጅ ሊያሻግር አይችልም፤ በመካከላቸው አራት ወገኖች በየተራቸው ይቀመጣሉ። ልጁ የሚቀበለው ከሌላ ሰው እጅ ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ይህን ሥርዓት በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ደስ አለኝ፤ ዳሩ ግን ትምህርቱን በቤቴ አልሠራሁበትም ነበር።

የስማችንም ልማድ ይኸንኑ ያስተምራል። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም። ስሜ በልጄ ስም ቀጥሎ ይጻፋል፤ በልጅ ልጄ ሦስተኛ ይሆናል፤ የእርሱ ልጅ ሲመዘገብ ግን ይወድቃል። ስማችን እንኳ ለዘሮቻችን ቦታ ለቅቆ ይሄዳል፤ እኛ ግን ፈቃዳችን ለዘላለም እንዲኖር እንሻለን።

ልጁ ሊመለስ ሲነሣ አባቶቹን እንድቈጥርለት ለመነኝ፤ እስከ ሰባት ቤት ቈጥሬ በደብተሩ ጻፍሁለት። በዚያው ማታ ለአባቱ ስልክ ደወልሁ። «ጋራዡ እንዴት ነው?» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ስለ አንድ አስቸጋሪ የጭነት መኪና ሞተር ረጅም ነገር አጫወተኝ። ግማሹ አልገባኝም፤ እስከ መጨረሻው ግን ሰማሁት።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ስለ ሥራቸው ጠይቁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ በእውነተኛው ሕይወት ደግሞ ያለፈውን ዓመት መልሶ የሚያስጀምር የለም።