የበገናው ድምፅና የተናቀው እጅ

በዐቢይ ጾም ዘፈኑ ዝም ሲል፣ ከበሮውም ሲሰቀል፣ በጎጃም ደጋ በገና ይደረደራል። ሰሚው አንገቱን ደፍቶ ሞትንና ንስሐን ያስባል፤ ያን ድምፅ ማን አበጀው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምስጋና ለእግዚአብሔር ብቻ ነውና ባለእጁን አለማንሳት ትሕትና ይመስላል። እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ፤ የሠሪው ሥራ የጸሎቱ አካል ነውና። ምስክሬ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ነው። ጊታር የሚሠራ ባለሙያ ክሩ ሲነዝር ከሰማ ሥራዬ ተበላሸ ይላል፤ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ይሞርዳል። በበገና ግን ከበግ አንጀት የተፈተሉት 10 አውታሮች አውታሩን በሚሸከመው በርኩማ ላይ ከተወጠሩ በኋላ በየአውታሩ ሥር ይህ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩም ያን ቆዳ እየነካ እንዲነዝር ይደረጋል። ቆዳው ትንሽ ፈቀቅ ካለ ድምፁ ይደርቃል። እንግዲህ ልብ የሚያባባው ነዘር ከእንጨቱና ከአንጀቱ ብቻ አልመጣም፤ አንድ ሰው ጆሮውን ሰጥቶ «እዚህ ጋ» ብሎ የወሰነው ነው። (ደርዳሪው ራሱ ካስተካከለውም ያን ጊዜ እሱም ሠሪ ነው።) መጽሐፍም የእጅ ሥራን ያከብራል፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 የመገናኛውን ድንኳን የሠራው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ለስብከት አልነበረም፤ ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቍ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው።

ዘፍጥረት 4ን ጠቅሶ የሚከራከረኝ ይኖራል፤ በገናም ብረት ሥራም የተጀመሩት በቃየል ዘር፣ በዩባልና በወንድሙ በቱባልቃይን ነው ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ የሚያስነቅፍ ከሆነ ዳዊትም በገናውን ማስቀመጥ ነበረበት። የዩባልን በገና ቤተ መንግሥት አስገብቶ የቱባልቃይንን መዶሻ ደጅ ማስቀረት ነገረ መለኮት አይደለም፤ እንደሚመች መምረጥ ነው። ሌላው ደግሞ በገና ሠሪን ማን ናቀው ይለኛል። እሱንስ አልናቁት ይሆናል፤ በበገናው ገበቴ ላይ የተወጠረውን ቆዳ ያለፋው ፋቂ፣ እንጨቱ የተጠረበበትን መጥረቢያ ያወጣው ቀጥቃጭ ግን «ቡዳ» ተብለው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ስድቡ አዋጁን ተሻግሮ ኖሯል። በተለይ የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ይህ ንቀት ይገርመኛል። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ የሚኮሩበት ጥበብ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ቤት ነው፤ ሰሙ ተቀርጾ በጭቃ ይሸፈናል፣ እሳት ሲነካው ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። «ጠይብ» የሚለው ስድብም ቢሆን የ«ጠቢብ» ዘመድ ነው። ሊቃውንቱ ከባለእጁ ምሳሌውን ወስደው ክብሩን አስቀሩበት።

በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በገና የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪው መደርደር ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ቆዳ ይወጥር፣ አንጀት ይፍተል፤ ቆዳውን ማን እንዳለፋውም በስሙ ንገሩት።