ዝንብ ሁሉ አንድ ነውን?



ክረምቱ አልፎ አትክልቱ ሲያብብ የዝንብ መንጋም አብሮ ይመጣል። ያን ጊዜ በመካከላችን የሚነሣው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም መርዝ ገዝቶ ቦታውን በሙሉ መርጨት ነው። እኛ ግን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል እንላለን። ማንነቱን ሳንለይ በጅምላ መፍረድ ይገባናልን?

በስብከት ላይ እንደ ንብ እንጂ እንደ ዝንብ እንዳንሆን ስንመከር ኖረናል። ንብ አበባን፣ ዝንብ ቁስልን ትፈልጋለችና ምክሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አትክልት ውስጥ ገብቶ ለተመለከተ ሰው ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በአበባው አጠገብ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው፣ ንብ የሚመስለው በራሪ ብዙ ጊዜ ዝንብ ነው። ንብ አራት ክንፍ ሲኖራት ዝንብ ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ መናደፊያም የለውም። ይህ ዝንብ የአበባ ዱቄት ያመላልሳል፤ የብዙዎቹ ዓይነቶች እጭም የጎመናችንን ጠላት ክሽክሽን ይበላል። ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ጢስ የሚወዛወዙት ጥቃቅን በራሪዎችም ብዙውን ጊዜ ሴቶቹን ፍለጋ የተሰበሰቡ ወንዶች እንጂ ሊነክሱን የመጡ አይደሉም።

ታዲያ ዝንብን ሁሉ እንታገሥ ማለታችን ነውን? አይደለም። የቤት ዝንብ ከቆሻሻ ተነሥቶ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። በሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈው ሌላው ዓይነት ደግሞ የሚያሳውረውን ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ ያስተላልፋል። ለእርሱ መራራት በሕፃኑ ላይ መጨከን ነው። ነገር ግን እርሱ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። የቤት ዝንብም በሞቃት ወራት ከዕንቁላል ተነሥቶ በ10 ቀን ያህል ክንፍ ያወጣል። ስለዚህ ፍጉ ካልተሸፈነ፣ መጸዳጃው ካልተከደነ፣ ዛሬ በተገደለው ፈንታ ሌላ መንጋ ይተካል። እንግዲህ ዝንቡ ጎጂ ብቻ ሳይሆን ያልተጸዳውን ስፍራ የሚያመለክት ምስክርም ነው።

በቻይና በ1958 እ.ኤ.አ. ዝንብ፣ ትንኝ፣ አይጥና ድንቢጥ ይጥፉ ተብሎ ዘመቻ ተከፈተ። ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብላ በብዛት ተገደለች። ነገር ግን ተባይም ትበላ ነበርና ተባዩ በረከተ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ከዝርዝሩ ወጥታ በእርሷ ምትክ ትኋን ገባ። የስንዴውና የእንክርዳዱ ምሳሌ የሚያስተምረንም ይህንኑ ጥንቃቄ ነው።

መለየት ድካም አለው፤ መርጨት ግን ቀላል ነው። ሰው ዝንብ አይደለም፤ ልማድ ግን ከትንሹ ይጀምራል። ያላወቀውን ሰው በመንደሩ ወይም በዘመዶቹ ስም ብቻ የሚጠላ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይኸው ነው፤ ስሙን ሰማ እንጂ ሥራውን አላየም።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ፍጉን እንሸፍን፤ የወደቀውን ፍሬ እንልቀም፤ የታናናሾቻችንን ፊት እንጠብ። በአበባው ላይ ያለውን ግን ሥራውን ይሥራ ብለን እንተወው። ሳይመረምሩ ከመፍረድ አምላካችን ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።