«ማንም ይምጣ» ያለ ሰው ዕዳ

በልጅነቴ የሰፈሬ፣ የጅማው በቾ ቦሬ፣ የዳማ አንደኛ ነበርኩ። ሰሌዳችን በከሰል የተሰመረ ጣውላ፣ መጫወቻችን የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ አንድ በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። አንድ ክረምት ሙሉ ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ አልተገኘም። «ማንም ይምጣ!» እያልኩ ስፎክር ልጆቹ ይስቁ ነበር እንጂ የሚቀየመኝ አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአጋሮ አንድ ዝምተኛ ልጅ አክስቱ ዘንድ መጣ። ሦስት ጓደኞቼን ተራ በተራ ሲያሸንፍ ከጀርባቸው ቆሜ አየሁ። ወደ እኔ ሲዞር «ዛሬ እናቴ ልካኛለች፤ ነገ» አልኩት። በማግስቱ ራሴን አመመኝ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰበብ አላጣሁም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሸሸሁት። የሚገርመው፣ ከልጆቹ አንድም የወቀሰኝ አልነበረም። ዝም ብለው አንድ በአንድ ወደ ኳስ ሜዳ ሄዱ። በረንዳው ባዶ ቀረ፤ አንደኝነቴም አብሮኝ ቀረ።

ይህን የቆየ ጉዳይ የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን እዚያው ሰፈር ጀበና ቡና ስጠጣ የሰማሁት ክርክር ነው። ሁለት ወጣቶች ቦክስ፣ ትግልና ካራቴ የተደባለቁበትን ውድድር በስልካቸው ያያሉ። አየርላንዳዊው ኮነር ማክግሪገር ተጋጣሚውን ሲዘልፍ አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ አዛውንት አንገታቸውን አስግገው አዩና «ይሄ አፈኛ ማነው?» አሉ። «አባባ፣ ሻምፒዮን ነው፤ ማንንም አይፈራም» አላቸው አንደኛው። አዛውንቱም «መፎከሩን አየሁ፤ ሲጠሩት ይገባል ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው የኔም ጥያቄ ሆነ። ለመሆኑ ፎካሪ ባለድል ለጨዋታው ምን ይጠቅመዋል? ትዕቢት እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ያደግን ሰዎች ስለምን እንዲህ ያለውን ሰው እንወዳለን?

ፉከራን ከትዕቢት የምንለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ትዕቢተኛ ሰው «እበልጣለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ፎካሪ ግን በሕዝብ ፊት ቃል ይገባል፤ ሰሚው ሁሉ ምስክሩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያ ቃል ዕዳ ይሆንበታል። አባቶቻችን ከዘመቻ በፊት የሚፎክረውን ሰው በጭብጨባ ያጅቡት የነበረው አምነውት ብቻ አይደለም፤ ነገ እንዳይሸሽ ሲያስሩትም ጭምር ነው።

በዚህ ሚዛን ማክግሪገር አንድ ሰሞን ዕዳውን የከፈለ ፎካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016፣ የ66 ኪሎው ምድብ ሻምፒዮን ሳለ፣ ሊገጥመው የነበረው ሰው ውድድሩ 11 ቀን ሲቀረው እግሩ ተሰበረ። ቀኑን ማራዘም ይቻል ነበር። እሱ ግን በቦታው ከገባው ከኔት ዲያዝ ጋር፣ ያውም ከራሱ ምድብ ሁለት እርከን ከፍ ብሎ በ77 ኪሎ፣ ለመግጠም ተስማማ። በሁለተኛው ዙር አንገቱን ታንቆ እጁን ሰጠ። ሰበብ አላበዛም፤ በዚያው ኪሎ እንደገና ልግጠመው ብሎ ጠየቀ፤ በነሐሴም በጠባብ ነጥብ አሸነፈ። ሽንፈቱ ስሙን አላሳነሰውም። እንዲያውም ተመልካች የሚያየው ነገር እውነት መሆኑን ያረጋገጠለት ያ ሽንፈት ነው።

እግር ኳስ መርሐ ግብር አለው፤ አንደኛው ሁለተኛውን ላለመግጠም ቢፈልግ አይችልም። በቡጢ ዓለም ግን ባለቀበቶው ከማን ጋር እንደሚጋጠም የመምረጥ አቅም አለው፤ መሸሸትም በቀጠሮና በገንዘብ ድርድር ስም ይሸፈናል። ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያው ዓመታት ከተወራላቸው በኋላ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ2015፣ አንዱ በ38 ሌላው በ36 ዓመቱ ነው። ዓለም ገንዘቡን ከፍሎ አየ፤ የጉልበታቸውን ዘመን ግን አላየም። «ማንም ይምጣ» የሚል ሰው ለስፖርቱ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ «ማን ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ በጊዜው መልስ እንዲገኝ ማድረጉ ነው።

እርግጥ ለዚህ አፍ ብቻውን አይበቃም፤ አፍ የሌለውም ይችለዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲፎክር የሰማው የለም፤ ፈገግታው ነው የሚታወቀው። ነገር ግን ከኬንያዊው ፖል ቴርጋት ጋር በአትላንታም በሲድኒም ተገናኘ፤ በሲድኒ የለያቸው 9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ወጣቱ ቀነኒሳ በቀለ የኃይሌን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰኖች በቀናት ልዩነት ወሰደበት። ኃይሌ የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው «አሞኛል» ብሎ ቢቀር ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን አቴንስ ላይ ገባ። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ዞር ዞር እያሉ ሲያዩት፣ እሱ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ያን ሌሊት በቴሌቪዥን የተከታተለ ሁሉ ያስታውሰዋል። አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ ግን ዘውዱን ከሰው እጅ ተቀበለ እንጂ ከባዶ ወንበር ላይ አላነሣም። ለወጣቱ ከዚህ የሚበልጥ ምን ውርስ አለ?

ይሁንና አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚነሣውም ከራሷ ከጅማ ነው። ከከተማው በላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው የቆመው ዳግማዊ አባ ጅፋር «ማንም ይምጣ» አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር እስከ 1930ዎቹ መግቢያ አቆዩ። ጎረቤቱ ከፋ ተዋጋ፤ በ1897 ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፤ አገሩም ክፉኛ ተጎዳ። ታዲያ አባ ጅፋር ፈሪ ነበሩን?

አልነበሩም። የከፋ ሰዎችም ሞኞች አልነበሩም፤ ለነጻነታቸው ነው የሞቱት። ነገር ግን ንጉሥ ሲፎክር የሚያስይዘው የሌላውን ልጅ ደም ነው። ተፋላሚ የሚያስይዘው የራሱን ጥርስና የራሱን ስም ነው። በገዛ ገላው «ማንም ይምጣ» ያለ ሰው ይከበራል፤ በሰው ገላ ያለው ግን ሊጠየቅ ይገባል። ማክግሪገርም ቢሆን ይህን ድንበር ሲያልፍ ወደቀ። ካገኛቸው ሁለት ቀበቶዎች አንዱንም ተከላክሎ አላቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ ተፋላሚዎች የተሳፈሩበትን አውቶቡስ መስኮት ሰብሮ ሰዎች አቆሰለ። ዳኛና ሰዓት በሌለበት፣ ባልተዘጋጀ ሰው ላይ የሚወርድ ድፍረት ፉከራ መባሉ ይቀራል።

ስለዚህ ለአዛውንቱ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ መፎከሩ አይደለም ጥቅሙ፤ ሲጠሩት መግባቱ፣ ገብቶም ሊሸነፍ መቻሉ ነው። ሻምፒዮንነት ርስት ሳይሆን አደራ ነው፤ የተሻለው እስኪመጣ ይያዛል፣ ሲመጣም በሩ አይዘጋበትም።

የአጋሮው ልጅ ክረምቱ ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። አላሸነፈኝም። እኔም ከዚያ ወዲህ ዳማ አንደኛ ነበርኩ ብዬ ለሰው ስናገር ድምፄ ዝቅ ይላል፤ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም የሚለውን ሊነግረኝ ይችል የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም «ነገ» ብዬ ሸኘሁት።