ራውተሩ «የለም» ሲል

ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድ ወይም ፕሌኖ የሚኖር አንድ ሐበሻ አባወራ ልጆቹን ከወሲብ ድረ-ገጾች ሊጠብቅ ቢነሳ ሥራው ብዙ አያደክመውም። የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ይከፍትና ዲኤንኤስ (የድረ-ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚመልሰው ሥርዓት) በሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብሎ ይጽፋል፤ ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ብሎ በነጻ የከፈተው አገልግሎት ነው። የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠው ሳጥን ዲኤንኤሱን አላስነካ ካለ ደግሞ ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ይገዛል፤ ፓይ-ሆል የተባለውን የዲኤንኤስ ማጣሪያ ይጭንባትና እነዚያኑ ቁጥሮች ይሞላበታል፤ ለቤቱ መሣሪያዎች አድራሻ የማደሉንም ሥራ ከሳጥኑ ወደ እሷ ያዛውራል። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ዋይፋይ የሚሄድ ስልክ የአንድን ድረ-ገጽ ስም ሲጠይቅ፣ መልስ የሚሰጠው አባወራው የመረጠው መላሽ ነው። ቴክኒኩ ይኸው ነው። አስቸጋሪው ግብረ ገቡ ነው። ልጁ የታገደ ስም ሲጠይቅ መላሹ «ይህ ተከልክሏል» አይለውም፤ 0.0.0.0 የሚል የትም የማያደርስ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ወይም ስሙ ከነጭራሹ የለም ይለዋል። ያለውን የለም ማለት ውሸት ነው? ከሆነስ ለልጅ ጥቅም ሲባል ይፈቀዳል? በእኔ እምነት እገዳው ትክክል ነው፤ ስህተቱ ያለው ዝምታው ላይ ነው።

«ማሽን አይዋሽም» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ማሽኑ ሐሳብ እንደሌለው እውነት ነው፤ መልሱን ያዘጋጀለት ሰው ግን ሐሳብ አለው። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ከነደፈው ጊዜ ጀምሮ የዲኤንኤስ ሥራ ምስክርነት ነው፦ ይህ ስም አለ፣ አድራሻውም እነሆ፤ ወይም ይህ ስም የለም። ምስክርነቱ ሲጣመም ምን እንደሚከተል በ2003 ታይቷል። የዶት ኮምና የዶት ኔት መዝገብ ያዥ የሆነው ቬሪሳይን «ሳይት ፋይንደር» የሚል አገልግሎት ጀመረ፤ ማንም ያላስመዘገበውን ስም የጻፈ ሰው «የለም» በመባል ፈንታ ወደ ድርጅቱ ገጽ ይወሰድ ነበር። የኢንተርኔት መሐንዲሶች ተንጫጩ፤ የስም ሥርዓቱን የሚያስተባብረው አይካን እንዲያቆም አዘዘ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላውም ተዘጋ። የሌለውን አለ ማለት ያን ያህል ካስቆጣ፣ ያለውን የለም ማለት በዝምታ የሚታለፍበት ምክንያት አይታየኝም።

መሐንዲሶቹንም ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም። በ2020 የወጣው አርኤፍሲ 8914 የተባለ ሰነድ፣ መላሹ ስሙን ለምን እንዳልሰጠ የሚናገርባቸውን ቁጥሮች ደነገገ። 15 ማለት የመላሹ ባለቤት በራሱ ውሳኔ አግዶታል ማለት ነው። 16 እገዳው ከውጭ አካል በግዴታ የመጣ ነው፤ 17 ደግሞ ራሱ ጠያቂው «አግዱልኝ» ብሎ ነበር። ደረቅ የቴክኒክ ሰነድ ነው፤ ግን ጥያቄውን ከስንት ስብከት በተሻለ ይለየዋል። ለተጠቃሚው የሚታየው በሦስቱም አንድ ነው፦ ገጹ አይከፈትም። ልዩነቱ ያለው ማን ወሰነ በሚለው ላይ ነው። አባወራው ለራሱ ሲያግድ 17 ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚታለል ሰው የለም። ለልጁ ሲያግድ ግን 15 ነው፤ ወሳኙ አንድ፣ ጠያቂው ሌላ። ስለዚህ ወሳኙ ራሱን የመግለጽ ዕዳ አለበት።

ይህ ዕዳ መንግሥታትም ላይ አለ። ቴክሳስ በ2023 ባወጣችው ሕግ የወሲብ ድረ-ገጾች የጎብኚን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አስገደደች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2025 ሕጉን አጸደቀው። ከዚያ በፊት፣ በመጋቢት 2024፣ ከትልልቆቹ ድረ-ገጾች አንዱ ለቴክሳስ ነዋሪ ሲዘጋ ምክንያቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። ሕጉን የወደደም የጠላም ሰው የሚከራከርበት ነገር አገኘ። በየካቲት 2023 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ውዝግብ በተጋጋለበት ሰሞን ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩትዩብ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲታገዱና አምስት ወር ያህል ሲቆዩ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሁን ተከልክሎ የሚለይበት ነገር ገጹ ላይ አልነበረም። ያን ዝምታ ያማረረ ዳያስፖራ ቤቱ ውስጥ ያንኑ ቢደግም ያስተዛዝባል።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ከራሳችን አባቶች ይመጣል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ለበጎ የተደረገ ማታለል ሐኪም ለበሽተኛ ሲል እንደሚያደርገው ነውና አይነቀፍም ብሎ ይከራከራል። አውግስጢኖስ በበኩሉ ማንኛውንም ውሸት ይከለክላል። የአፈወርቅ ክርክር ግን በሽተኛው አንዴ ድኖ ለሚሄድበት ጊዜ ይሠራል፤ ልጅ ከወላጁ ጋር የሚኖረው ዓመታት ነው። ደግሞም ይኸው አባት ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲጽፍ፣ የልጅን ነፍስ ዓይንና ጆሮ በሮቿ በሆኑላት ከተማ መስሎ፣ ወላጅ ሕግ እንዲያወጣላትና በሮቿን እንዲያስጠብቅ ያዛል። ሕግ ደግሞ የሚታወቅ ነገር ነው። ቁም ሳጥን መቆለፍ ውሸት አይደለም፤ ቁም ሳጥኑ የለም ማለት ግን ነው። «መናገር ጉጉት ይቀሰቅሳል» ለሚሉም፣ በኤደን ገነት ዛፉ አልተደበቀም፤ ተለይቶ ታየ፣ ትእዛዙም ተነገረ። በአቡነ ዘበሰማያት ከፈተና እንድንጠበቅ መለመናችን እገዳን ይደግፋል እንጂ ሽፍንፍንን አይደግፍም።

ሌላም ነገር አለ። ይህ እገዳ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው። ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ሲዞር፣ ወይም ብራውዘሩ የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ሲጠቀም፣ የአባወራው መላሽ አይጠየቅም። ልጁ ይህን ያወቀ ቀን የሚቀረው ግንብ የወላጁ ቃል ነው፤ ቃሉም ቀድሞ «የለም» ሲል የተያዘ ከሆነ አይታመንም። ማሽኑ ራሱ እውነቱን እንዲናገር ማድረግም አይመችም፦ በኤችቲቲፒኤስ የሚከፈት ገጽ ላይ «ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ለመተካት ቢሞከር ብራውዘሩ በሰርተፍኬት ስህተት ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚናገረው ሰው መሆን አለበት። ቁጥሩን ራውተሩ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ምን እንደታገደ፣ ያገዳችሁት እናንተ መሆናችሁን፣ በስንት ዓመታቸው እንደሚነሳላቸው ንገሯቸው። ፓይ-ሆል የጫናችሁ ደግሞ እያንዳንዱ ስልክ የጠየቀውን ስም ከነሰዓቱ እንደሚመዘግብ አትርሱ፤ ወይ መዝገቡን አጥፉት፣ ወይ እንደምታዩት አሳውቋቸው።