ብሌንደርና ሁዳዴ

በሁዳዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ቅዳሴ ሲወጣ፣ የአዲስ አበባ ጁስ ቤቶች ብሌንደሮቻቸውን ማስጮኽ ይጀምራሉ። ነጠላውን እንዳጣፋ ገብቶ የሚቀመጠው ምእመን ብዙ ጊዜ የሚያዘው ስፕሪስ ነው፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ሳይቀላቀሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው። ወፍራም ስለሆነ በማንኪያ ይበላል እንጂ አይጠጣም። ከላይ ቪምቶ ጠብ ይደረግበታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፤ የጾም ነው። ታዲያ እንዲህ ጣፍጦ ከተበላ፣ የተጾመው ምኑ ነው?

ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል እንጂ የዓመቱን ግማሽ የሚነካ ነው። ሰባቱን የአዋጅ አጽዋማት የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ቀን ማእድ ቤቱ ሥራ አይፈታም።

ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ሰዓቱን ብቻ ወይም የምግቡን ዓይነት ብቻ አያነሣም፤ ምክንያቱንም ይናገራል። ሰዓቱ የታወቀ ነው። ዓይነቱም የታወቀ ነው፤ ጥሉላት አይነካም። ምክንያቱ ግን ፈቃደ ሥጋን አድክሞ ለነፍስ ማስገዛት ነው። ብሌንደር ከሁለቱ ጋር ጠብ የለውም። የሚጋጨው ከሦስተኛው ጋር ነው። በነገራችን ላይ፣ “ጁስ ፈሳሽ ነው፣ ጾም አያስገድፍም” የሚለው የአንዳንዶች ማምለጫ ከሰዓቱ ሕግ ጋር አይሄድም፤ ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው ለ18 ሰዓት ውሃም አይቀምስም።

ማሽኑ ራሱ የተወለደው ለወተት ነበር። ስቲቨን ፖፕላውስኪ የተባለ ትውልደ ፖላንድ አሜሪካዊ በ1922 እ.ኤ.አ. ከሥሩ የሚሽከረከር ምላጭ የተገጠመበት መቀላቀያ ሲፈጥር፣ ሐሳቡ በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ይመረት የነበረውን የሆርሊክስን የብቅል ወተት መምታት ነበር። በ1937 ፍሬድ ዋሪንግ የተባለ የሙዚቃ ጓድ መሪ የተሻሻለውን ማሽን ለገበያ አስተዋወቀው። ያ ማሽን ዛሬ በጾመኛ ቤት ኦቾሎኒን፣ አጃን፣ አኩሪ አተርን እየፈጨ የሚሠራው የወተት ምትክ ነው። የፈጠረው ሰው ቢያይ ሳይገርመው አይቀርም።

የጾም ወተት ግን ከማሽኑ ይቀድማል። የሱፍ ፍትፍት የበላ ያውቀዋል። ሱፉ ይለቀማል፣ ይቀቀላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። የሚወርደው ፈሳሽ ወተት ይመስላል፤ ዝንጅብል፣ ጨውና ቃሪያ ገብቶበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። በብሌንደር ሲሆን ውሃው መቅደም አለበት፤ ሱፉ ደረቁን ከገባ ምላጩ አየር እየመታ ይሽከረከራል። ውሃ ካለ አዙሪቱ ፍሬውን ወደ ታች እየሳበ ለምላጩ ያቀርበዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውሃው ይነጣል፤ ልጣጩ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ “ወተት የሚመስል ነገር በጾም ምን ያደርጋል?” ብሎ ብሌንደርን የሚከስ ሰው እናቶቻችንንም አብሮ መክሰስ ይኖርበታል።

የድሮው ጾም ጾም የሆነው ድካም ስለነበረበት ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን የማን ድካም? ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ተልባ ስትፈጭ፣ ዘነዘና ስታነሣ ስትጥል የዋለችው ሴትም ጾመኛ ነበረች፤ የተበጠበጠውን ተቀብሎ የጠጣው ግን እጁን አላነሣም። ሙቀጫን የሚያወድሱት ብዙዎቹ ዘነዘና ይዘው አያውቁም። ማሽኑ ለዚያች ሴት የመለሰላት ሰዓት ለጸሎትም ለእንቅልፍም ይሁን፣ በጾም ላይ የተሠራ በደል ተብሎ ሊቆጠር አይገባም።

ሌላው ጫፍ ዋልድባ ነው። በገዳሙ እህል አይቀመስም፤ መነኮሳቱ ቋርፍ የሚባለውን፣ ምላስ የማያባብል ምግብ በልተው ይኖራሉ። እዚያም ይወቀጣል፣ እዚያም ይላመጣል፤ የተወቀጠው ግን እንዲጣፍጥ አይደለም። ከከተማው ጁስ ቤት የሚለየው መሣሪያው ሳይሆን የተፈለገው ነገር ነው። ምእመን ሁሉ እንደ ዋልድባ መነኩሴ ይብላ ያለ ሕግ የለም። የሁለቱ ርቀት ግን የስፕሪሱን ጥያቄ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሌሎች ሃይማኖቶች ይህን ማሽን የሚጠይቁት ሌላ ነው። በረመዳን ጥያቄው ሰዓት ነው፤ ከመግሪብ በኋላ አቮካዶው ቢፈጭ ማንም ምንም አይልም። በአይሁድ ሕግ ደግሞ መፍጨት በሰንበት ከተከለከሉት 39 የሥራ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ እዚያ የሚታየው ማሰሮው ውስጥ የገባው ሳይሆን የእጅ ሥራው ነው። ቤተ እስራኤሎች ኢትዮጵያ ሳሉ በሰንበት እሳት ሳያነዱ፣ ዓርብ የተዘጋጀውን ይበሉ ነበር።

ወደ ጁስ ቤቱ ስንመለስ፣ ፍትሐ ነገሥት ከጾም ቀጥሎ የሚያነሣው ምጽዋትን ነው። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በጾም ከማእድ የተረፈው ለነዳያን እንዲደርስ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በስፕሪስ ላይ የሚቀርበው ትክክለኛ ክስ ይኼ ይመስላል። ጥሉላት የለበትም፤ ግን የሚያስተርፈውም ነገር የለም።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ በጎማ ላይ ይሰናከላል። ማክሰኞ ወተት የተመታበት ብሌንደር ለረቡዕ ሲፈለግ ማሰሮውን ማጠብ አይበቃም፤ ከምላጩ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ወተትና ሽታውን ትይዛለች። ምላጩን ፈትቶ ጎማዋን አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ለጾም ድስት እንደሚለዩት ሁሉ፣ ለጾም ሌላ ማሰሮ የሚገዙም አሉ።

ለታመመ፣ ለአራስ፣ ጥርሳቸው ላለቀ አዛውንት ብሌንደር በጾም ትልቅ ረዳት ነው፤ ስለ ሰዓቱና ስለ መጠኑ የንስሐ አባትን ማማከር ነው። ጤነኛው ግን ሱፉንም ተልባውንም ያለ ሐሳብ ይፍጭበት፤ ስፕሪሱን ቀነስ ያድርግ፤ ቢያንስ በሰሙነ ሕማማት ቪምቶው ይቅርበት።