አማናው በማን እጅ ነው?

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ጡት ካንሰር ነው፤ በተለይም ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ በምትኩ ሌላ ሳያሠሩ ስለሚኖሩ ሴቶች። ርዕሱን ስታዩ ያፈራችሁ ካላችሁ እረዳችኋለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነገር ግን ሐያእ የመሰለን ዝምታ ስንቷን እናት እብጠቱ ትንሽ ሳለ ሐኪም ቤት እንዳትሄድ አድርጓታል። ስለዚህ በአደብ፣ ግን በግልጽ እናውራ።

ታሪኩ የአክስቴ ነው። ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ እኛ ቤት «እቴቴ» ነው የምንላት። የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። «ስሜን ተዪው እንጂ ለልጆቹ ንገሪያቸው» ብላኛለች።

ግራ ጡቷ ላይ ያገኘችው እብጠት ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ። ለሕክምና አዲስ አበባ ስትመጣ እኔ ጋ አረፈች፤ ሐኪሙ ዘንድም አብሬያት ገባሁ። ሐኪሙ ጡቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት እንዳለበት፣ ከብብቷም ንፍፊቶች እንደሚወሰዱ ነገረን። ንግግሩን ሳይጨርስ «ግን በኋላ መልሶ መሥራት ይቻላል አይደል?» አልኩት። እሱም መለሰልኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ደግሞ መለሰልኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ስለ እሷ ደረት ስንነጋገር እቴቴ መሃላችን ተቀምጣ የጂልባቧን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ነበር። አንዳችንም ወደ እሷ አልዞርንም።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆም አለችና «አንቺ ልጅ፣ ደረቱ የማን ነው?» አለችኝ።

አፈርኩ። መልሱን ግን የማውቀው መሰለኝ። አካላችን የአላህ ነው፤ እኛ ዘንድ አማና ነው። ይህንን ከመድረሳ ጀምሮ ስንማረው ኖረናል። ማታ ላይ ነው ነገሩ ግማሽ መሆኑ የገባኝ። አማና ባለቤቱ ሌላ ቢሆንም፣ የተሰጠው ሰው አለ፤ ነገ የሚጠየቅበትም እሱ ነው። ጎረቤታችሁ እናንተ ዘንድ ዕቃ ቢያስቀምጥ፣ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ከመንገድ የመጣ እንግዳ አይደለም። የእቴቴ አካል ለእኔ አልተሰጠኝም። እኔ ግን ባለ አደራዋን ዘልዬ ነበር የተደራደርኩት።

ዘመድ ሲሰማ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ካልተሠራላት ሴትነቷ ምን ይሆናል? ሰውስ ምን ይላል?» አለ። ሌላው ደግሞ «መልሶ ማሠራት የአላህን ቀደር አለመቀበል ነው፤ ሰብር ታድርግ» አለ። ሁለቱም የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን እኔ የሠራሁትን ስህተት ነው የሠሩት፤ ማንም እሷን አልጠየቃትም።

እስኪ ሁለት የምናውቃቸውን ሐዲሶች አብረን እናስባቸው።

ዐርፈጃ የሚባል ሰሓባ በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫውን አጥቶ ነበር። በብር አፍንጫ ቢያሠራ ሸተተበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ ለእሱ ተፈቀደለት። ዑለማዎችም በሽታ ወይም ጉዳት ያጎደለውን መመለስ፣ ለጌጥ ብቻ ተፈጥሮን ከመቀየር የተለየ መሆኑን ሲያስረዱ ይህንን ሐዲስ ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ጡቷን መልሳ የምታሠራን እህት «ቀደርን አልተቀበለችም» ማለት አንችልም።

ሁለተኛው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የጥቁሯ ሴት ታሪክ ነው። የሚጥል በሽታ ነበረባት፤ ስትወድቅም ልብሷ ይገለጥ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እሳቸውም ምርጫ ሰጧት፦ ብትፈልግ ትታገሥና ጀነት ይኖራታል፤ ብትፈልግ እንድትድን ዱዓ ያደርጉላታል። መታገሥን መረጠች። ነገር ግን ስወድቅ እንዳልገለጥ ዱዓ ያድርጉልኝ አለች፤ አደረጉላት።

ይህንን ሐዲስ ስለ ሰብር ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከእቴቴ በኋላ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ከፍጡራን ሁሉ በላጩ ሰው እንኳ አልወሰኑላትም፤ ጠየቋት። እሷም የሚያሳስባትን ለይታ ተናገረች። ያስጨነቃት መውደቁ ሳይሆን መገለጡ ነበር። ማንም ከውጭ ሆኖ ይህንን ሊገምትላት አይችልም ነበር። (ሐዲሱ ሕክምናን ተዉ ማለት እንዳልሆነ አትዘንጉ፤ መታከምን ያዘዙን እሳቸው ናቸው።)

በሁለተኛው ቀጠሮ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እቴቴ ራሷ ጠየቀች፤ ሐኪሙም ለእሷ አስረዳት። መልሶ መሥራት በሲሊኮን ወይም ከሆድ፣ ከጀርባ በሚወሰድ የራስ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ሲሊኮኑም ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም። ካንሰሩን በማዳን ረገድ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። ዛሬ «አልፈልግም» ያለች ሴት ከዓመታት በኋላ ሐሳቧን ብትቀይር ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ሰምታ ስታበቃ «እኔ አንድ ጊዜ ተቀድጄ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው» አለች። ቀጥላም «ስትዘጋው ግን ለጥ አድርገህ ዝጋልኝ» አለችው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀዳጁ ሐኪም ሴትየዋ በኋላ ልታሠራ ትችላለች ብሎ ካሰበ ትርፍ ቆዳ ሊተው ይችላል፤ ያ የተንጠለጠለ ቆዳ ደግሞ ይቆረቁራል። ምንም ማሠራት የማትፈልግ ሴት ደረቷ ተስተካክሎ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲዘጋላት አስቀድማ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መናገር አለባት።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ነገረችኝ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈቱ ሰፋፊ ቀሚሶች ገዛን፤ ክንድ ወደ ላይ ስለማይነሳ በራስ የሚጠለቅ ልብስ አይሆንም። ከላይኛው መደርደሪያ ያሉትን ዕቃዎች ወደ ወገብ ቁመት አወረድን። ትንንሽ ትራሶች አዘጋጀን፤ አንዱ ከክንዷ ሥር፣ አንዱ መኪና ውስጥ ቀበቶው ደረቷን እንዳይጫናት። የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ለሐኪሙ ተናገረች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈሳሽ የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ ከጎኗ ይዛ ወጣች። ጫፉ ላይ ኳስ የመሰለ መያዣ አለው፤ እቴቴ «ጀበናዬ» ትለው ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ እየደፋን መጠኑን ደብተር ላይ እንጽፋለን። ፈሳሹ ቀንሶ ሐኪሙ እስኪያወጣው ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ትኩሳት፣ መቅላት፣ መጥፎ ሽታ ወይም ድንገተኛ እብጠት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ መሄድ እንደሚገባ ነግረውን ነበር።

ማንም ያልነገረን ነገርም ነበር። ደረቷና የክንዷ ውስጠኛ ክፍል ደነዘዘ። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ የሌለው ጡት ያሳክካታል። «አብዳለሁ እንዴ?» አለችኝ። ስንጠይቅ በብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ ነገር ነው አሉን። ነርቮቹ ተቆርጠዋል፤ አንጎል ግን የኖረበትን አካል ቶሎ አይረሳም።

ሶላቷን መጀመሪያ ተቀምጣ በምልክት ነበር የምትሰግደው። ለተክቢራ ግራ እጇ ከወገቧ አያልፍም ነበር። የክንድ እንቅስቃሴውን ሐኪሙ በፈቀደላት ልክ ጀመረች። ግድግዳ ፊት ቆማ ጣቶቿን እንደ ጉንዳን ወደ ላይ ታስኬዳቸዋለች፤ የደረሰችበትን በእርሳስ እናሰምርበታለን። ካልተሠራበት ትከሻው ይደርቃልና። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ፈጅር ላይ ከኋላዋ ቆሜ ሁለቱም እጆቿ እኩል ትከሻዋ ጋ ሲደርሱ አየሁ። ሶላቱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ጠባሳዋን መጀመሪያ ያየችው ብቻዋን ነው። አብሬ ልሁን ስላት «አይ፣ መጀመሪያ እኔ» አለች። ጥቂት ቆይታ ጠራችኝ። አልቅሳለች። «አብሽሪ እቴቴ» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠባሳው ከመሃል ደረቷ እስከ ብብቷ የሚሄድ አንድ መስመር ነው። ከረጅም ዝምታ በኋላ «አራት ልጅ አጥብቶበታል። ሥራውን ጨርሷል። ግን ይናፍቀኛል» አለች።

ይህንን ለምን እነግራችኋለሁ? ሰብር ማለት አለማዘን የሚመስላቸው ስላሉ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። እቴቴ ምርጫዋን አልተጸጸተችበትም፤ ግን አዝናለች። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ያዘነችን ሴት «ኢማንሽ የት ሄደ?» ማለት፣ ወይም ያላዘነችን «ደንዛዛ» ማለት፣ አሁንም እሷን ሳይጠይቁ ለእሷ መልስ መስጠት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ መናገር አለብን። እቴቴ መርጣ ነው። በሀገራችን ግን መልሰው የሚሠሩ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ምርጫው ጭራሽ ያልቀረበላት እናት ስትታገሥ አጅሯ አላህ ዘንድ ነው፤ እኛ ግን የእሷን ትዕግሥት ለእኛ ስንፍና መሸፈኛ ማድረግ የለብንም። ቢያንስ የሕክምና ወጪዋን፣ የመጓጓዣዋን፣ ከጡት ማስያዣ ውስጥ የሚገባውን ለስላሳ ምትክ እንኳ ማሟላት እንችላለን። እቴቴ ምትኩን ለሰርግ ታደርገዋለች፤ ቤቷ ስትሆን ታወልቀዋለች። ሁለቱም መብቷ ነው።

ወንድሞቼ፣ ለእናንተም አንድ ቃል። አንዲት ሚስት ከቀዶ ሕክምና ስትመለስ ከሁሉ በፊት የምታየው የባሏን ዐይን ነው። አላህ ወደ መልካችንና ወደ ገንዘባችን ሳይሆን ወደ ልባችንና ወደ ሥራችን እንደሚመለከት ተምረናል። ይህንን የምንፈተንበት ቦታ መስጊድ ብቻ አይደለም፤ መኝታ ቤትም ነው። የጄሪካን ውኃውን አንሡላት፤ ምጣዱ ላይ አታስቁሟት። ከብብቷ ንፍፊት የተወሰደባት ሴት ክንዷ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ሊያብጥ ይችላል። ቀለበት ወይም እጅጌ ከጠበባት ቶሎ ሐኪም ትጠይቅ።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሀገራችንም በሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ከ1,000 ዓመት በፊት የአንደሉሱ ታላቅ ቀዳጅ ሐኪም አዝ-ዘህራዊ የቆየና የተለቀ ካንሰርን ማዳን እንዳልቻለ በመጽሐፉ በግልጽ ጽፏል። ዛሬ አልሐምዱሊላህ ብዙ ተለውጧል፤ ቶሎ የተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይድናል። ጡት ወይም ብብት ላይ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ ካያችሁ አትቆዩ። ከጡት ካንሰር ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆነው በወንዶች ላይ ነውና ወንዶችም አትዘናጉ።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወደ እናቶቻችሁ፣ ወደ አክስቶቻችሁ ደውሉ። የታመመች ካለች ምን ማድረግ እንዳለባት ከመንገራችሁ በፊት ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት። መልሷ እናንተ የጠበቃችሁት ላይሆን ይችላል። አማናው ግን በእሷ እጅ ነው።

እቴቴ፣ ያን ቀን ስለ አንቺ ለተናገርኩት አፉ በይኝ።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ የሚንከባከቧቸውን አጅር ይክፈላቸው፤ ያጣነውንም በኸይር ይተካልን። አሚን!