የተመቸው ሁሉ ደስተኛ ነውን?

ይህን ጥያቄ አንሥቶ የጻፈ አንድ እንግሊዛዊ ሐያሲ ነበር። ስሙ ሳሙኤል ጆንሰን ይባላል (1709-1784 እ.ኤ.አ.)። በመዝገበ ቃላቱና በእንግሊዝ ባለቅኔዎች ላይ በጻፈው ሒስ የታወቀ ነው።

ጆንሰን አገራችንን በዐይኑ አላየም። ነገር ግን በወጣትነቱ የፖርቱጋሉ ቄስ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። እናቱ በሞተችበት በ1759 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። መነሻው የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ እንደ ነበር የተወራው ነው። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ልዑል ራሴላስ በተራራ በተከበበ ሸለቆ አንዳች ሳይጎድልበት ይኖራል፤ ሆኖም ተክዞ ያመልጣል። ካይሮ ደርሶ ሀብታሙንም፣ ሊቁንም፣ ባሕታዊውንም ቢመረምር ፍጹም ደስተኛ ሰው አላገኘም።

እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ግን አምባውን እናውቀዋለን። ለልዑላኑ ግዞት ነበረ፤ መስከረም 21 ቀን ለሚሳለመው ምእመን የበረከት ስፍራ ነው። ገደሉ ያው ነው። ልዑሉ ተወስዶ ወጣ፤ ምእመኑ ወድዶ፣ የሚወጣበትንም ዐውቆ ይወጣል። ራሴላስ ወድዶ ቢሄድም የሚሻውን በውል አላወቀም።

ዛሬም ከየቀበሌያችን ብዙ ወጣት ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል። ወንድሜ ሆይ፣ መሄድ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን የምትሄደው ለምን እንደ ሆነ አስቀድመህ ለይ። እኅትህንም ሳትወድ ለቤተሰብ ጥቅም ስትባል አትስደዳት። ተገዶ የወጣ ሰው ወርቅ ቢለብስም እስረኛ ነውና።